ኮርሳ ለጉደር መንገድ

ሰኔ 3፣ 2011

ሐኪሙ የደም ግፊቴን በየቀኑ እየለካሁ እንድጽፍ አዞኛል። ይህን ደብተር የገዛሁት ለዚሁ ነው። ዛሬ አልለካሁም። ገጹ ባዶውን ከሚያድር ግን ያሰብኩትን ልጻፍ።

ብስክሌት ልገዛ ነው። ምክንያቱ ጤና ነው። ሐኪሙ «ተንቀሳቀስ» ብሎኛል፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የተንቀሳቀስኩት ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ብቻ ነው። በቅርቡ ትምህርት ይዘጋል። የፊዚክስ መምህር በክረምት ምን ሥራ አለው? በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከአምቦ ተነሥቼ ጉደር ደርሼ እመለሳለሁ። ጉደርን የመረጥኩት አስፋልቱ ጥሩ ስለሆነ ነው። የግፊት ክኒኔንም የምገዛው እዚያ ነው።

ይህን ለእህቴ ለኤቢሴ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል «ክኒኑ አምቦ የለም?» አለችኝ።

አለ። የጉደሩ ግን ይሻላል። ለምን እንደሚሻል ማስረዳት ስጀምር ምስሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኔ 7

የምርጫ ጉዳይ።

የስፖርት መምህሩ ኦልጅራ ስለ ብስክሌት የማያውቀው ነገር የለም ይባላል። የሚለው እሱ ራሱ ነው። በመምህራን ክፍል ቁጭ ብለን ስናወራ «ለክረምት ማውንቴን ነው፤ ጎማው ወፍራም፣ ጭቃ የማይፈራ። ኮርሳ እኮ ውሃ ሲያይ ይሽኮረመማል» አለኝ።

እውነት አለው። ኮርሳ የሩጫ ብስክሌት ነው፤ ጎማው ቀጭን፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈ፣ ሰውን አጎንብሶ የሚወስድ። እኔ ግን ኮርሳ መርጫለሁ። ምክንያቴ ቴክኒካዊ ነው። አንደኛ፣ መንገዱ አስፋልት ነው። ሁለተኛ፣ ቀላል ስለሆነ ዳገት ላይ መግፋት አያስቸግርም። ሦስተኛ፣ በግንቦት ተወዳዳሪዎች በጉደር ሲያልፉ ባየሽ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆማ «እነዚህ ባለ ኮርሳዎች ሲያምሩ!» ብላለች። ሦስተኛው ምክንያት አይደለም፤ እግረ መንገዱን የገባ ነው።

ባየሽ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ናት።

ሰኔ 10

ኮርሳውን ከጊንጪ አመጣሁት። የሸጠልኝ ሰው በወጣትነቱ ይወዳደርበት ነበር፤ አሁን ሆዱ መሪው ጋ አያደርሰውም። ሚኒባስ ጣራ ላይ ከሁለት ፍየልና ከአንድ ፍራሽ ጋር ተጭኖ አምቦ ገባ። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፣ የተላጠው ሲቀር። የኋላው ፍሬን ይይዛል። የፊተኛው አስተያየት ይሰጣል እንጂ አይዝም።

ኤቢሴ ዞራ ዞራ አየችው። «ኮርቻው ይኸው ነው? በዚህ ላይ ሰው ይቀመጣል?» አለች። ስለ ክብደት ማዕከል አስረዳኋት።

«እሷ ግን ታውቃለች?» አለችኝ።

«ማን?»

«ማንም።»

ኤቢሴ አንዳንድ ጊዜ ንግግሯ ግልጽ አይደለም።

ሰኔ 18

ጉደር ደርሼ መጣሁ። ክኒን አልገዛሁም። ደክሞኛል።

ያው ቀን፣ ማታ

እሺ፣ ልጻፈው። ሌሊት የዘነበው ውሃ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ነበር። ኮርሳው ፓራፋንጎ የለውም፤ ተወዳዳሪ ጭቃ መከላከያ ምን ያደርግለታል። መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ወርጄ በአንድ ሱቅ መስታወት ራሴን ሳይ ከወገቤ እስከ ማጅራቴ ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር ወጥቶብኛል። ፊቴም ነጠብጣብ ሆኗል። በዚህ ሁኔታ መድኃኒት ቤት አይገባም፤ የንጽሕና ቦታ ነው። ከመንገዱ ማዶ ከቆመ ባጃጅ ኋላ ሆኜ ጥቂት አረፍኩ።

ባየሽ ለአንዲት የገጠር እናት ክኒን እያስረዳች ነበር። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ በጣቷ እያሳየች። ሴትየዋ ደግማ ጠየቀች፤ ደግማ ነገረቻት። አሁንም ጠየቀች፤ አሁንም ነገረቻት፣ ያውም እየሳቀች። እኔ ሁለተኛ የሚጠይቀኝን ተማሪ አስወጣለሁ። ይህን ሁሉ ያየሁት እያረፍኩ ሳለሁ ነው።

ስመለስ ዳገቱን ወርጄ ገፋሁት።

ሰኔ 22

ጭቃ ከሚሽከረከር ጎማ የሚለቀው በታንጀንት ነው። ይህን ስንት ዓመት ሳስተምር ኖሬ ጀርባዬ ላይ እስኪጻፍ ድረስ አልገባኝም ነበር።

ኦልጅራ ከቢጫ የዘይት ጄሪካን ሁለት ፓራፋንጎ ቆርጦ በሽቦ አሰረልኝ። የኋላው ከጎማው ጋር እየተፋተገ ይጮኻል። ጎማዎቹንም ትንሽ ወፈር ባሉ ቀየርናቸው፤ ከዚያ በላይ የወፈረ አያስገባም። ኦልጅራ «በዝናብ ጊዜ ንፋሱን ቀነስ አድርግለት፤ መሬቱን ይጨብጣል» አለኝ። ይህን እንኳ እውነቱን ነው። የፍሬን ጎማዎቹንም አዲስ አደረግናቸው። የፊተኛው አሁን አጥብቆ ይይዛል፤ ኦልጅራ ሊሞክረው ወጥቶ በመሪው ላይ ተገልብጦ ወርዷል። ደህና ነው።

ሐምሌ 2

ንጹሕ ሆኜ ደረስኩ! ሸሚዜ ላይ አንድ ነጠብጣብ የለም። ፓራፋንጎው ግን ሲጮህ መንደሩ ሁሉ ዞሮ ያያል።

ባየሽ ክኒኑን ስትሰጠኝ «ቲቸር፣ ፊትዎ ቀልቷል፤ ግፊትዎን ልለካው» አለች። ክንዴ ላይ ጠቀለለችው። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ናቸው። ንባቡን አይታ ደነገጠች፤ ደግማ ለካች፤ ጭራሽ ጨመረ። አምቦ ተመልሼ ብለካው ጤነኛ ነኝ። ጉደር ከአምቦ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ የአየሩ ጉዳይ ይሆናል። ለተማሪዎቼ ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል።

ስትለካኝ ስለ ቤተሰቧ አወራችኝ። ከእናቷ ከአዴ ኡርጌ ጋር ነው የምትኖረው፤ ቤታቸው ከከተማው መግቢያ፣ ከመታጠፊያው ወረድ ብሎ ነው። ወንድሟ ሌንጮ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት አልመጣም። «እናቴ በጠዋት በር ከተንኳኳ ልቧ ቀጥ ይላል» አለችኝ። ሌላም ነገረችኝ፤ እጇን እያየሁ ስለነበር ሁሉንም አልያዝኩትም።

ሐምሌ 5

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ተራ ስጠብቅ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«የጊንጪው እህል ነጋዴ፣ ያ አይሱዙ ያለው፣ ፍልሰታ ሲፈታ ለባየሽ ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ።»

«ዕድለኛ ናት።»

የሰው ጉዳይ አያገባኝም። የዛሬው ዋና ጉዳይ ሰንሰለቱ ነው፤ ውሃ ቅባቱን አጥቦት ዝገት ጀምሯል። የክረምት ሰንሰለት ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በጨርቅ ተወልውሎ እንደገና መቀባት አለበት። አለበለዚያ መሀል መንገድ ላይ ይበጠሳል።

አይሱዙ በክረምት ጥሩ መኪና ነው፣ አልክድም። ለልብ ጤና ግን ምን ይጠቅማል? ሰውዬው እኮ ተቀምጦ ነው የሚሄደው።

ሐምሌ 6

አልተኛሁም። ሰንሰለቱን ቀባሁ። ተቀብቶ ነበር፤ ግን ደግሜ ቀባሁት።

ሐምሌ 11

ኤቢሴ ራት ላይ ቀጥ ብላ መጣችብኝ። «ሽማግሌ ላክ፤ አይሱዙው ሳይቀድምህ» አለች። ወሬው አምቦም ደርሷል ማለት ነው።

«ገና ብስክሌቱ አላለቀም» አልኳት።

ካልኩ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ኤቢሴ እንጀራውን ቆርሳ እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ክፋት አልነበረውም፤ ለዚህ ነው የባሰብኝ። አርባ ተማሪ ፊት ቆሜ እጮኻለሁ፤ አንዲት ሴት ፊት ግን የክኒን ስም ብቻ ነው የምጠራው። ፈሪ ነኝ። ይህን በዚህ ገጽ ላይ መጻፍ አይከብድም፤ ጉደር ድረስ ይዞ መሄድ ነው የከበደው።

ሐምሌ 16

መዓት ወረደብኝ። ባየሽ ግፊቴን ለክታ «ቲቸር፣ ይህ ነገር እየባሰ ነው። ይህን ብስክሌት ይተዉት። ክኒኑን በሰው እልክልዎታለሁ» አለችኝ።

በሰው!

«የብስክሌቱ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ የምኑ ነው?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ማንም ሰው አልነበረም። ዝናቡ እንኳ አባርቶ ነበር። እኔ ግን «የጨው ይሆናል» ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ጨው፣ ጨው፣ ጨው እያልኩ ነው የመጣሁት።

ሐምሌ 23

የዝናብ ልብስ። ቢጫው ላስቲክ ገበያ ላይ ጠፍቷል። ኦልጅራ ጥቁር የመኪና ሸራ አገኘ፤ «ጥቁር ጭቃ አያሳይም» አለ። ልብስ ሰፊው ከአንዱ ሸራ ሁለት ካባ አወጣ፣ ለእሱም ለእኔም። እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ውሃ ጠብ አያደርግም።

ኤቢሴ ለብሼ ስወጣ ስታየኝ አማተበች።

ሐምሌ 27፣ ቅዳሜ

ነገ ከኦልጅራ ጋር ንጋት ላይ ወደ ጉደር እንነሣለን። ንጋት የመረጥነው በክረምት ከባዱ ዝናብ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ነው። ዓላማው ጎማውን መሞከር ነው።

ኦልጅራ ሌላ ዓላማ አለው። «ባየሽ እሑድ ቅዳሴ ትሄዳለች። አንተ እናቷን ሰላም በል፤ ትወቅህ። ሽማግሌ ስትልክ ማን እንደሆንክ ትጠይቅ?» አለኝ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ሰላምታዬን በኦሮምኛም በአማርኛም አዘጋጅቻለሁ፤ ትንሽ ረዘም ይላል።

ሐምሌ 28

መጻፍ አልችልም። ሰው ግን አልሞተም። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ፤ ሰው አልሞተም።

ሐምሌ 29

ኤቢሴ «ጻፈውና ይውጣልህ» ብላ መብራቱን ለእኔ ትታ ተኛች። ልሞክር።

መታጠፊያውን ስናልፍ የኋላው ጎማዬ ተነፈሰ። የውስጡን ጎማ አወጣሁት፤ ቀዳዳውን ለማግኘት ግን ሳፋ ውሃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። በዚያ ሰፈር የማውቀው በር አንድ ብቻ ነው። እውነቴን ነው፣ ጎማው የምር ነው የተነፈሰው።

ገና ሊነጋጋ ነበር። ያካፋል። ሁለታችንም ጥቁሩን ካባ ለብሰናል። በሩን አንኳኳሁ፤ ለአክብሮት ብዬ ቆቤን አውልቄ ደረቴ ላይ ያዝኩ። ኦልጅራ ትንፋሽ አጥሮት መሬት መሬት ያያል። አዴ ኡርጌ ከፈቱ። «አከም ቡልተ…» ብለው ሰላምታውን ሳይጨርሱ አቆሙ፤ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ። ያዘጋጀሁት ሰላምታ ከነቋንቋው ጠፋ። ዝናቡ እሳቸው ላይ እየወረደ ነበርና አሳዝነውኝ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

«አዴ ኡርጌ፣ እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ።»

«ማል ተኤ? ምንድን ነው? ምን ሆነ?»

«ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ?»

ኦልጅራ ነገሩን ሊያለዝብ ብሎ «አይዞዎት» አላቸው።

በአገራችን መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው። ሰዎች ሁለትም ሦስትም ሆነው ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ያስቀምጣሉ፤ ቤት ውስጥ ደጋፊ እንዳለ ይጠይቃሉ። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ። በየለቅሶው ከመርዶ ነጋሪዎች ኋላ ቆሜ አድጌያለሁ። በዚያች ሰዓት ግን አእምሮዬ ውስጥ ሳፋ ብቻ ነበር።

«ሌንጮ! ኢልማኮ! ልጄን!» ብለው ተንበረከኩ።

አይደለም ለማለት ጮኽኩ። «ጎማ ነው! አዴ ኡርጌ፣ ጎማ ነው! ጎማ ነው የፈነዳው!» አልኩ።

የከባድ መኪና ሹፌር እናት ፊት ቆሜ።

ከዚያ በኋላ የማንንም ቃል የሚሰማ አልነበረም። ጎረቤት ከየበሩ ነጠላውን እየጎተተ መጣ። ወንዶቹ የዕድሩን ድንኳን አመጡ፤ ኦልጅራን ቋሚ አስያዙት፣ እሱም ይዞ ቆመ። አንዲት ሴት ንፍሮ ጣደች። ሌንጮ ጋ ሲደወል አይነሣም። አዴ ኡርጌ ደረታቸውን እየመቱ ይናገራሉ፤ ልጃቸው በሕፃንነቱ እንዴት ይስቅ እንደነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄድ ተቆጥተውት ፊታቸውን እንዳዞሩበት፣ ደህና ሁን እንኳ እንዳላሉት። እኔም አለቀስኩ። ሰውየው እንዳልሞተ እያወቅሁ አለቀስኩ።

ባየሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ለቅሶው ከራሷ ቤት እንደሆነ ከመንገድ ሰምታ ሮጠች። ነጠላዋ ጭቃ ላይ ወድቋል። ፊቷን አየሁት። ያንን ያየሁበትን ጊዜ ከዕድሜዬ ላይ ቆርጬ ብጥለው እወድ ነበር። «ማን ነው የነገራችሁ?» ስትል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ጠቆመ። ካባዬን ጨምድዳ ያዘች።

«የት ነው? ምን ሆነ? አንተ፣ ተናገር እንጂ!»

ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችኝ። የውስጡን ጎማ አነሣሁና አሳየኋት። «ይህን መንከሪያ… ሳፋ ውሃ ፈልገን ነው» አልኩ።

ጎማውን አየችው። እኔን አየችኝ። ደግማ ጎማውን አየችው።

ይህን ጊዜ አንዷ ጎረቤት በእጇ የያዘችው ስልክ ውስጥ ሰው ሲጮህ ሰማች። ለካ ሌንጮ ስልኩን ካነሣ ቆይቷል፤ በጩኸቱ መሀል ማንም አላስተዋለም። የራሱን ለቅሶ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ነበር።

«እማ! አለሁ! እኔ ነኝ!»

አዴ ኡርጌ አላመኑም። «ሌንጮ ከሆንክ ትናንት ማታ ምን በላህ?»

«ሩዝ።»

«ባዶውን?»

«ባዶውን።»

«እሱ ነው» አሉና ወደቁ። የጠየቅሁት ውሃ ያኔ መጣ፤ ፊታቸው ላይ ተረጨ።

ንፍሮው በስሎ ስለነበር ሰው ሁሉ በላ። እኔም በላሁ፤ አልበላም ማለት ነውር መሰለኝ። ስንወጣ አዴ ኡርጌ ከአልጋቸው ሆነው «በልጄ ላይ ሞት የጠራ ሰው ሁለተኛ በደጄ እንዳያልፍ!» ሲሉ ሰማሁ። ብስክሌቱን እየገፋሁ አምቦ ገባሁ። ጎማው አልተደፈነም።

ነሐሴ 2

ክኒን አምቦ ገዛሁ። ያው ነው፤ ምንም ልዩነት የለውም።

ነሐሴ 6

ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ «መርዶ ነጋሪው ቲቸር ይህ ነው» ሲሉ ሰማሁ። አልዞርኩም። አንዲት አሮጊት ወርደው ሌላ መኪና ጠበቁ።

ነሐሴ 8

ግፊቴ አምቦም ጨምሯል። የአየሩ አይደለም ማለት ነው።

ነሐሴ 10

ዛሬ በር ተንኳኳ። ኤቢሴ ከፈተች። በሩን የሚሞላ ሰውዬ ቆሟል።

«ሂርጳ የሚባለው እዚህ ነው?» አላት። «የገደለኝ ሰውዬ።»

ሌንጮ ነው። ከጅቡቲ መንገድ ፈቃድ ወስዶ መጥቷል። ጉደር ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ እየነካ እንዳረጋገጠው፣ እናቱም መጀመሪያ በጥፊ ከዚያ በመሳም እንደተቀበሉት ነገረኝ። እኔ ይቅርታ ልል ስነሣ በአንድ እጁ መልሶ አስቀመጠኝ።

«ስማ፣ ከእናቴ ተጣልተን ነው የወጣሁት። ፊቷን ስታዞርብኝ አየኋት፤ ሁለት ዓመት ያልመጣሁት ለዚያ ነው። ጠልታኛለች ብዬ ነበር። አሁን በስልኩ ውስጥ ያንኑ እያነሣች ስትቃጠል ሰማኋት። ልናገር አፌን ብከፍት ድምፅ አልወጣልኝም። መኪናውን ዳር ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ረዳቴ ማን ሞተብህ ሲለኝ እኔ ነኝ አልኩት።»

ሳቅን። ሁለታችንም ዓይናችን ደህና አልነበረም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሽማግሌህን ላክ። በሩን እኔ እከፍታለሁ፣ እናቴ እንዳትደነግጥ» አለኝ።

«የምን ሽማግሌ?»

«ኧረ ተው አንተ ሰውዬ!»

«የጊንጪውስ?» አልኩ፣ ሳላስበው።

«ባየሽ ገና በሐምሌ መልሳዋለች።»

«ለምን?»

«ምን አውቃለሁ? አንድ ጭቃ የለበሰ ሰውዬ ከባጃጅ ኋላ ተደብቆ ያየኛል፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳላውቅ አላገባም አለች አሉ።»

አልተደበቅኩም፤ እያረፍኩ ነበር። ግን ይህን ለሌንጮ አልነገርኩትም።

ነሐሴ 19፣ ጠዋት

ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ የመጀመሪያው እሑድ። ኦልጅራና ሁለት ሽማግሌዎች ገና ጨለማ ሳለ ሄደዋል። በነጭ ጋቢ። ኤቢሴ አንድ በአንድ መርምራ ነው ያስወጣቻቸው።

ላኪው ቤት ይጠብቃል፤ ሥርዓቱ ነው። እየጠበቅሁ ነው።

አልደወሉም።

ሰንሰለቱን ላጽዳው አልኩ። ኤቢሴ ጨርቁን ነጠቀችኝ።

አልደወሉም።

ማታ

እሺ ተብሏል።

አዴ ኡርጌ ጥያቄውን ሲሰሙ ያሉትን ኦልጅራ ነገረኝ። «ልጄን አንድ ጊዜ ወስዶብኛል፤ የቀረው ሌላዋን መውሰድ ነው» አሉ። ሌንጮ ከጓዳ ሆኖ ሲስቅ እሳቸውም ሳቁ። ሁለት ነገር ግን አጥብቀው አዘዋል። አንደኛ፣ ያ ጥቁር ሸራ ይቃጠል። ሁለተኛ፣ ወደ ቤታቸው ስመጣ፣ በተለይ በጠዋት፣ ከመታጠፊያው ጀምሬ ጮክ ብዬ እየሳቅሁ ልምጣ። «መርዶ የያዘ ሰው አይስቅም። ሳቁን ከሰማሁ ልቤ አይወድቅም» ብለዋል።

ባየሽ ራሷ ደወለች። «ግፊትህን ለካህ?» አለችኝ።

«አልለካሁም።»

«ዛሬ አትለካው» አለች። ሌላም ትንሽ አወራን። አልጽፈውም።

ደስ ብሎኛል። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወድጃታለሁ፤ ክኒኑን ለዚያች የገጠር እናት ሦስቴ ስታስረዳ ካየኋት፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት ጀምሮ።

ጳጉሜ 2፣ ቅዳሜ

ባየሽ ንጋት ላይ እንድመጣ ነገረችኝ፤ ሌንጮ በጠዋቱ አውቶቡስ ስለሚመለስ አብረን ቁርስ እንድንበላ። ከቢጫው የላስቲክ ልብስ ኤቢሴ አንድ ከየትም ፈልጋ አመጣችልኝ። ያካፋ ነበር፤ መንገዱ ያንሸራትታል። ንፋሱን ቀንሼ፣ ፍሬኑን ሞክሬ ወጣሁ።

መታጠፊያው ጋ ስደርስ ትእዛዙን አስታወስኩ። «ሃ፣ ሃ» አልኩ። ተማሪ ከመጽሐፍ የሚያነብ ይመስላል። በሬ የሚነዳ ገበሬ ዞሮ አየኝ፤ አንገቱን ነቀነቀ። አሁንም «ሃ፣ ሃ፣ ሃ» አልኩ፤ እንዲያ ብቻዬን ቁልቁለቱን በቢጫ ላስቲክ ተጠቅልዬ እየወረድኩ የግዴን ስስቅ ራሴን ታዘብኩትና የምሩ ሳቅ መጣብኝ። ከመጣ በኋላ ማቆም አቃተኝ። መሪው ይወዛወዛል፣ ዓይኔ እንባ ሞልቷል፣ እስቃለሁ።

አዴ ኡርጌ ደጃፍ ላይ ወጥተው ቆመዋል። ከኋላቸው ባየሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቶች በጩኸቱ ደንግጠው ከየቤታቸው ብቅ ብቅ ሲሉ አዴ ኡርጌ እጃቸውን እያወዛወዙ ጮኹባቸው።

«ግቡ፣ ግቡ! ነጋ ነው፣ ሰላም ነው! ማንም አልሞተም!» አሉ። «አማቼ ነው!»